ለግማሽ ቀን የሞተው መንገድ

ገና ዓይኗን ሳትገልጥ የሰማችው የብረት በሩን ጩኸት ነው። ከታች፣ ከወለሉ ጣውላ ስር፣ ያ ዝገት የበላው ተጠቅላይ በር እያቃሰተ ወደ ላይ ወጣ፤ እንደ ልማዱ መሃል ላይ ተነክሶ ቆመ፤ የአጎቷ ትከሻ ገፋ ሲያደርገው ቀሪውን ባንድ ትንፋሽ ጨርሶ ጣሪያው ስር ተጠቀለለ። ከዚያ ዝም። እሷም አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች መልሱ ይሄ መሆኑ ገባት። ትናንት እራት ላይ፣ «ጋሼ፣ ነገ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ባይከፍቱስ?» ብላ ለምናቸው ነበር። እሳቸው የዳቦውን ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ በመዳፋቸው እየጠረጉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት። «ተዘግቶ ካዩት፣ የለም ይሉኛል ማለት ነው?» «ኧረ ለግማሽ ቀን እኮ ነው ጋሼ!» አለች። የመለሰችላቸው ያልጠየቁትን ነው። እሳቸውም ይህ ይግባቸው አይግባቸው ሳያስታውቁ፣ ፍርፋሪውን በመስኮት አራግፈው ሊተኙ ገቡ። አሁን ደግሞ ይኸው ከወትሮው ቀድመው፣ ሰፈሩ ገና ሳይነቃ፣ ሱቃቸውን ከፈቱ።

የከተማው ማዘጋጃ ቤት የመሃል ከተማውን አሮጌ መንገድ መልሶ ለማልማት ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮፖዛል ማዘጋጀት ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ገንዘቡን የሚሰጠው ከላይ ያለ ፈንድ ነው፤ ፈንዱ ደግሞ የሚሰጠው መሃሉ ለሞተ ከተማ ነው። መሞቱ የሚለካው በነጥብ ነው። የተዘጋ ሱቅ ነጥብ ያመጣል፣ የተሰበረ መስኮት ነጥብ ያመጣል፣ ሰው ድርሽ የማይልበት እግረኛ መንገድ ነጥብ ያመጣል። ችግሩ መንገዱ እየሞተ እንጂ ገና አለመሞቱ ነበር። ስለዚህ የፕሮጀክት ክፍሉ ኃላፊ፣ ሠራተኛው ከጀርባው «ነጥብ» እያለ የሚጠራው ሰው፣ ባለሱቆቹን ሰብስቦ፣ «የፈንዱ ገምጋሚዎች በሚመጡበት ጠዋት ትንፋሻችሁን ያዙልኝ፤ በራችሁን አውርዱልኝ፤ በገንዘቡ የሚሠራው አዲስ ሕንፃ ሲያልቅ አንድም ሰው አይረሳም» አላቸው። አብዛኞቹ መናኸሪያው አጠገብ ሌላ ሱቅ ተከራይተው ግማሽ ዕቃቸውን አዛውረዋል፤ ይሄኛው ቢቀርባቸውም የሚያዝኑበት ነገር የለም፤ እየሳቁ እሺ አሉ። አጎቷ ግን ከዚያች ሱቅ ሌላ ምንም የላቸውም። «አንድም ሰው አይረሳም» የሚለው የአፍ ነገር መሆኑንም ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ ፕሮፖዛሉን የምትጽፈው እሷ ናትና። በጉብኝቱ ቀን እየሠራ የተገኘ ሱቅ በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ቦታ ይሰጠዋል፤ ባዶ ነው ተብሎ የታለፈ ግን ምንም አይሰጠውም። ይህን በገዛ ጣቶቿ ጽፋዋለች። የእሷም ኮንትራት የሚያልቀው በዚሁ ወር መጨረሻ ነው፤ ፈንዱ ከመጣ ይታደሳል፣ ካልመጣ ጠረጴዛዋን ለቃ ትሄዳለች።

ለብሳ ወረደች። ከላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች ወደ ውጭ የሚወጡት በሱቁ በኩል ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ሥራ የምትሄደው በአጎቷ ሥራ መሃል አልፋ ነው። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ አንዱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከጣሪያው እጀታቸው የተበጠሰ ቦርሳዎች ተንጠልጥለዋል፤ መደርደሪያው ላይ የዚፕ ጥርሶች በየመጠናቸው በጣሳ ተቀምጠዋል፤ የማጣበቂያው ሽታ ከልብስ አይለቅም። አጎቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ማጠፊያዋ የተነቀለ አንዲት ትልቅ ሻንጣ ላይ አጎንብሰዋል። ማታ የምትሳፈር ሴት ናት ያመጣችው። አዲስ ሻንጣ ከዚህ ጥገና እንደሚረክስ ነግረዋት ነበር፤ እሷ ግን ይሄን ነው የለመድኩት ብላ ጥላው ሄደች። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ዚፑ» ይላቸዋል። አንድም በሥራቸው፣ አንድም አፋቸውን አንዴ ከዘጉት የሚከፍተው ስለሌለ ነው።

«ቁርስ በልተሻል?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«መሥሪያ ቤት እበላለሁ።»

በልጅነቷ ደብተሯን ዘርግታ የቤት ሥራ ትሠራበት በነበረው ባንኮኒ አጠገብ ቆማ፣ የጃኬቷን ቁልፍ አንዴ ቆለፈች፣ አንዴ ፈታች። እንዲህ ዝም የተባባሉ ቀን ሁለቱም ሌላ ሰው እንዲመጣላቸው ይመኛሉ፤ ሌላው ሰው ደግሞ አልቀረም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በራፉ ላይ ብቅ አለ።

«ጋሽ ዚፑ! ዛሬ እኮ ሞተናል፤ አልነገሩዎትም እንዴ? ሬሳ ሱቅ ሲከፍት የት አይተዋል?»

«አንተ ቀድመህ ሙት፤ እኔ ሥራ ይዣለሁ» አሉ አጎቷ።

ፀጉር አስተካካዩ በሳቅ ፈነዳ። «የኔ ነገር ምን አለው፣ ሞቼም እላጫለሁ! እመቤቲቱ፣ ለቀስተኞቹ ስንት ሰዓት ነው የሚደርሱት?»

«አራት ሰዓት ላይ» አለች፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም እንዲል በዓይኗ እየለመነችው። እሱ ጮክ ብሎ ሲያወራ፣ የማዘጋጃ ቤቷ ልጅ የጋሽ ዚፑ ቤት ልጅ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያውቅ ትዝ አላት። የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አለቃዋ።

ለእሱ ያልነገረችው ደብቃ አልነበረም፤ መጀመሪያ። ካርታው ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ቀን ነጥብ ጣቱን የአጎቷ ሱቅ ላይ ቀስሮ፣ «ይሄ ሽማግሌ መንገዱን ያበላሽብናል» ሲል ሁሉም ሳቀ፤ እሷም አብራ ጥርሷን ብልጭ አደረገች። ከዚያ በኋላ «አጎቴ ናቸው» ማለት በየቀኑ እየከበደ ሄደ። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ካርታው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የተዘጉት ሱቆች ቀይ፣ የተከፈቱት አረንጓዴ ተቀብተዋል። ከቀዩ መሃል አንዲት አረንጓዴ ብቻ ቀርታለች። ፕሪንተሩ እየተነከሰ ወረቀት ይበላል፤ ተላላኪዋ ስኒ ታጥባለች፤ ነጥብ ክራቫቱን እያጠበቀና እያላላ በክፍሉ ውስጥ ይንጎራደዳል።

«ሽማግሌውስ?» አላት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«መንገርማ ሬዲዮም ይነግራል። ዘጋ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ጠዋት... ሳልፍ ክፍት ነበር።»

ነጥብ ዓይኑን ጨፈነ። «አየሽ፣ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ መሃል ላይ አንድ ክፍት ሱቅ ማለት የፊት ጥርስ ላይ የተሠራ ወርቅ ማለት ነው፤ ሰው ሌላውን ጥርስ አያይልሽም። ጎረቤት ከተማ በሁለት ነጥብ ነው አምና የበለጠን። በሁለት! ምነው ግን አንቺ እሱን ለመናገር እንዲህ ተሳቀቅሽ? ዘመድሽ ነው እንዴ?»

ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ግን ሳቀች፤ ሳቋም እንደ መልስ ተቆጠረላት። ነጥብ ቀዩን እስክሪብቶ አንስቶ ካርታው ፊት ጥቂት ቆመና፣ «እኔ እንደተዘጋ ቆጥሬዋለሁ፤ ስንደርስ ክፍት ሆኖ ካገኘሁት ከአንቺ ጋር እንነጋገራለን» ብሎ አረንጓዴዋን ደርቦ ቀባት። ቀለሞቹ ተዋሕደው ቡኒ ሆኑ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ወረቀት አደራጀች፣ ወንበር ደረደረች፣ ስላይዶቹን ፈተሸች፤ ዓይኗ ግን በሄደ በተመለሰ ቁጥር እዚያች ቡኒ ላይ ያርፋል። አንድ ጊዜ ስልኳን አንስታ የአጎቷን ቁጥር አወጣች። ምን ልትላቸው? ዝጉልኝ? አይዝጉ? ሁለቱንም ከልቧ ትፈልግ ነበር፤ ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ገምጋሚዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ ፀጉሯን ያላቀለመች፣ ዝቅ ያለ ጫማ ያደረገች፣ ስትሰማ አንገቷን ዘንበል የምታደርግ ሴትዮ ናት። ሌላው ካሜራ ያነገበ ረጅም ሰው ነው፤ ከሰላምታ በቀር ድምፁ አልተሰማም። ነጥብ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ የድሮውን ገበያ፣ የድሮውን ሲኒማ፣ ድሮ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይጋፋበት የነበረውን አደባባይ ያስጎበኛቸዋል፤ «ድሮ» የሚለውን ቃል ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መንገዱ ላይ ሲደርሱ በእርግጥም የሞተ መሰለ። በሩ ሁሉ ወርዷል። የፀጉር አስተካካዩ ወንበር እንኳ ከበራፉ ተነስቷል፤ ከተዘጋው በር ኋላ ግን ካርታ የሚጫወቱ ሰዎች አፍነው ሲስቁ ለሚያውቅ ጆሮ ይሰማል። አንዲት ድመት መሃል አስፋልቱ ላይ ተዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች። ልጅቷ ከሁሉም ኋላ ነበረች። የመንገዱ መታጠፊያ ጋ ስትደርስ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ የምታየውን ነገር አንድ እርምጃም ብትሆን ልታዘገየው። ቀና ስትል የአጎቷ በር ወርዷል።

እስከ ታች ድረስ። ጣት የምታስገባ ክፍተት እንኳ አልተዉም። እፎይ አለች፤ ነጥብም ዞር ብሎ ጎሽ በሚል ዓይን አያት። ከዚያ ነው ሌላው ነገር ቀስ ብሎ የገባት። ሌላው ሁሉ ዘግቶ የዋለው በአለቃዋ ቃል ነው፤ አጎቷ የዘጉት ግን ስለ እሷ ነው። «የለም ይሉኛል ማለት ነው?» ብለው ጠይቀው፣ መልስ ሳያገኙ፣ ጠዋት እልኻቸውን በከፈቱት በር ተወጥተው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ በገዛ እጃቸው አውርደውታል። ቶሎ ቢያልፉ፣ ቶሎ ከዚህ ቢርቁ አለች በልቧ። በሩን አልፈው ሊሄዱ ሲሉ ከብረቱ ወዲያ ተሰማ።

ጠቅ። ጠቅ ጠቅ።

ሴትዮዋ ቆመች። ነጥብ ስለ ፍሳሽ ማስወገጃው እያወራ ትንሽ ካለፈ በኋላ ብቻውን መሆኑ ገብቶት ተመለሰ። «ይቅርታ» አለች ሴትዮዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ። «እዚህ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል።»

«እ... አይ፣ ይሄ ድሮ የተዘጋ ነው» አለ ነጥብ። «ቧንቧ ነው። አሮጌ ቤት፣ ቧንቧው ይመታል።»

ጠቅ ጠቅ። የሻንጣ ማጠፊያ በምስማር የሚመታበት ድምፅ ነው፤ ሻንጣው ለማታ መድረስ አለበት። ልጅቷ ድምፁን ከዓለም ድምፅ ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች፤ ታምማ በተኛችባቸው ቀናት ሁሉ ከወለሉ ስር ሲያስተኛት የኖረው እሱ ነው። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ እሷ መለሰች። ዓይኗ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም እውነቱን ብትሰማ ደስ የሚላት ትመስል ነበር።

«ሱቆቹን የቆጠርሽው አንቺ ነሽ አይደል? ማነው እዚህ የሚሠራው?»

ነጥብ ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ ያያታል። ክራቫቱ ወደ ጎን ዞሯል፤ ላብ አጥምቆታል። ማለት የምትችለው ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣላት። አጎቴ ናቸው። ቦርሳ ጠጋኝ ናቸው። አስጠግተው አሳድገውኛል። ዛሬ የዘጉት እኔ ለምኛቸው ነው። ይህን ብትል መንገዱ ሁሉ የውሸት ሬሳ መሆኑ እዚያው ይወጣል፤ ፕሮፖዛሉም፣ ነጥብም፣ እሷም አበቃላቸው። አጎቷ ግን እየሠሩ ተገኙ ማለት ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሄ እውነት ይሆናል። ሴትዮዋ ትጠብቃለች።

«ማንም የለም» አለች።

ብረቱ ደግሞ ስስ ነው፤ በዚህ በኩል የተባለው ሁሉ በዚያ በኩል ይሰማል፤ መንገደኛው የሚያወራውን ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ስትሰማ ነው ያደገችው። መዶሻው አንድ ጊዜ መታ፣ ሊደግም ሲል እንደተያዘ ያህል ቆመ። ከዚያ ወዲያ አልመታም።

«ተወ፤ አላልኩዎትም? ቧንቧ እንዲህ ነው» አለ ነጥብ ፊቱ በርቶ።

ረጅሙ ሰው ካሜራውን አነሳ። የበሩን ዝገት፣ የተላጠውን ቀለም፣ ከላይ የተጻፈችውን የማትነበብ ጽሑፍ ካየ በኋላ ከሰላምታው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «የበሩ መጠን እንዲታይ እዚያ ጋ ትቆሚልኝ?» ሄዳ ቆመች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ ብረቱን ሳትነካ። በእሷና በእሳቸው መካከል ያለው የብረቱ ውፍረት ብቻ ነበር። ከኋላዋ፣ በጣም በቀስታ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ሰው በሚያስቀምጥበት አኳኋን፣ አንድ ከባድ ነገር እንጨት ላይ ሲቀመጥ ሰማች። «ትንሽ ፈገግ» አለ ረጅሙ ሰው፤ ከዚያ ራሱ አፍሮ፣ «አይ፣ ይቅር፤ አያስፈልግም» አለ።

ከሰዓት በኋላ ያለው ሁሉ በጭጋግ ውስጥ እንደሆነ አለፈ። ስላይዱ ታየ፣ ጥያቄ ተጠየቀ፣ ሴትዮዋ ስትሰናበት የእሷን እጅ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም አድርጋ ጨበጠች፤ ይሄ አድናቆት ይሁን ሌላ ነገር ልታውቅ አልቻለችም። መኪናቸው ሲወጣ ነጥብ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። «የኛ ነው! የዓይኗን አስተያየት አይተሻል? የኛ ነው!» ተላላኪዋ እልል ልትል ከጅሏት ትታው ሳቀች። ነጥብ የልጅቷን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ «ዛሬ አንቺ ባትኖሪ ጉድ ሆነን ነበር። የኮንትራትሽን ነገር ለእኔ ተዪው» አላት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ወደ ቤት ስትሄድ የረጅሙን መንገድ ያዘች፤ የአትክልት መሸጫውን ዞራ፣ ቲማቲም ስንት ነው ብላ ሳትገዛ፣ ሻጯ «ካልገዛሽ አትደባብሺው» ብላ እስክትቆጣት ድረስ።

ስትደርስ መንገዱ ከሞት ተነስቷል። በሮቹ ተከፍተዋል፤ ፀጉር አስተካካዩ አንድ ሰው ፊት ላይ አረፋ እየቀባ፣ «እመቤቲቱ፣ እንዴት ሞትንልሽ? አማረብን?» ሲል የተቀባው ሰውዬም በአረፋው ውስጥ ሳቀ። የአጎቷ ሱቅ ውስጥ ሻንጣው የለም፤ ማታ የምትሳፈረው ደንበኛቸው ወስዳዋለች። እሳቸው ላይ ቤት ናቸው። ሾርባ ሠርተው፣ ሁለት ሳህን አቅርበው፣ የእሷን ከድነው ይጠብቋታል። ተቀመጠች። መስኮቱ ላይ የመጨረሻዋ ፀሐይ ተለጥፋለች፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የማንኪያና የሳህን ድምፅ ብቻ ነው።

«ስብሰባው እንዴት ነበር?» አሉ።

«ጥሩ ነበር። የሚሳካ ይመስላል።»

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

ከልባቸው ነበር የሚመስለው፤ የባሰው እሱ ነው። ዳቦ ቆርሰው አቀበሏት። ልትናገር ፈልጋ ሾርባዋን አማሰለች። «ጋሼ፣ ዛሬ... በሩ ጋ...»

«ጨው አነሰው?»

«አላነሰውም።» ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ነገ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ። ስምዎትን አስገባለሁ። ሱቁ እንዳለ፣ እንደሚሠራ... እኔ ራሴ ነኝ የምጽፈው፤ ቦታ እንዲሰጥዎት አደርጋለሁ።»

አጎቷ የመጨረሻዋን ጉርሻ አኝከው ዋጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ የሆነ ነገር ገብቷቸው የቀረውን የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነው። «ማንም የሌለበትን ሱቅ ምን ብለሽ ታስገቢዋለሽ?»

መልሷን አልጠበቁም። ተነስተው ሳህናቸውን አጠቡ፤ ደጋግመው አለቀለቁት፤ ገልብጠው አስቀመጡት። ጃኬታቸውን ከሚስማሩ አወረዱ፤ አንዱን እጅጌ ለማግኘት ትንሽ ተቸገሩ፤ ልትነሳ ስትል ራሳቸው አገኙት። መነጽራቸውን አውልቀው የደረት ኪሳቸው ከተቱ። «የት ነው ጋሼ?» አለቻቸው። ያልሰሙ አልመሰሉም፤ ደረጃው ጋ ሲደርሱ እጃቸው ግድግዳው ላይ ትንሽ ቆይቷልና። ከዚያ ጣውላው እግራቸውን እየተከተለ ሲንቋቋ እስከ ታች ሰማቻቸው።

መስኮቱ ጋ ቆመች። አጎቷ መንገዱን አቋረጡ። ማታ ማታ ዳማ ወደሚጫወቱበት ወደ ፀጉር አስተካካዩ በራፍ ያቀናሉ ብላ ነበር፤ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ጠጠሮቹን የደረደረው ፀጉር አስተካካይም እንዲያ ጠብቆ ወንበሩን ሳብ አደረገላቸው። አለፉት። «ጋሽ ዚፑ! ኧረ ዛሬስ ላሸንፍዎት ነው፣ ወዴት ነው?» አላቸው። አልዞሩም። መብራት ወዳልበራበት፣ ለምንም ነገር ሄደውበት ወደማያውቁት የመንገዱ ጫፍ፣ ባዶ እጃቸውን፣ ሳይቸኩሉ ሄዱ። ፀጉር አስተካካዩ እስኪሰወሩ ድረስ አያቸውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አንጋጠጠ።

«ወዴት ሄዱ?» አላት።